“ለካ ስትበላ የኖርከው ይህን ነው!”… የሐዋሳው ልዩ እራት

ከመንገድ መግባቴ ነው፤ ጫማዬ ውስጥ የገባው የሐዋሳ አሸዋ ገና ተራግፎ አላለቀም።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ እውነቱን መልሱልኝ። እናታችሁ ተቀምጣ፣ ሌላ ሰው እያቀረበላት፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ከሁሉ ቀድማ ስትበላ ያያችኋት መቼ ነው? በሠርግ ቀን እንዳትሉኝ፤ በሠርግ ቀን እናት ጓዳ ናት። በክርስትና ቀን እንዳትሉኝ፤ ያን ቀን ደግሞ ወጥ ጠባቂ ናት። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት ሐዋሳ ላይ ነው። ያውም ብዙ ገንዘብ በከፈልንበት “ልዩ እራት” ላይ ሳይሆን በማግስቱ፣ ማናችንም ባላሰብነው ሰፈር ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሦስት ወር ቁጠባ

እኔና ታናሽ ወንድሜ እናትና አባታችንን አንድ ቀን እንኳ አዝናንተናቸው እንደማናውቅ ትዝ ያለን በአንድ እሁድ ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን ልጆቿ ላንጋኖ ወስደዋት መመለሷን ስታወራ እማዬ “ይባርካቸው” አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ግን መቼም ታውቁታላችሁ፣ የእናት “ይባርካቸው” አንዳንዴ ከቁጣዋ በላይ ያማል። ወንድሜ ስኒውን አየ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ከየጋዜጣው ከምለቃቅመው የጽሑፍ ክፍያ፣ እሱ ከሞባይል ጥገናው እየቆነጠርን ሦስት ወር አጠራቀምን። ከዚያ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል (ስሙ ይቅር) ለአራታችንም የሦስት ቀን የሐዋሳ ጉዞ ከፈልን። ዓርብ ሂያጅ፣ እሁድ ተመላሽ። መኪናው፣ ማደሪያው፣ ቁርሱ፣ ጀልባው፣ አስጎብኚው… ሁሉም በአንድ ሂሳብ። እኔን የማረከኝ ግን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በደማቁ የተጻፈችው መስመር ነበረች፦ “ዓርብ ምሽት፣ ልዩ የቤተሰብ እራት”። “በቃ፣ ያን ቀን እማዬን ንግሥት እናደርጋታለን” ተባባልን።

ዓርብ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። (እናንተስ ልብ ብላችኋል?)

አባዬና መንገዱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነሳን። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ)፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ሐዋሳ። አስጎብኚያችን ገና ወጣት የሐዋሳ ልጅ ነው። ማይክሮፎኑን ይዞ ሐይቁን፣ ከተማውን፣ ፓርኩን እየጠራ ያስረዳል። አባዬ ግን ማይክሮፎን አላስፈለገውም።

አባዬ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለ20 ዓመት ያህል፣ ያን “ኤንትሬ” የሚባለውን ፊያት እያገሳ፣ ከዲላና ከይርጋለም ቡና ጭኖ በዚህ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። እቤት ሲሆን በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው፣ ሞጆን ታጥፈን ወደ ደቡብ ስንይዝ አፉ ተፈታ። “እዚህች ጋ ጎማ ፈንድቶብኝ አድሬያለሁ!… ያቺን ድልድይ ታያታለህ?… እዚህ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የእሷ ሻይ!…” አርሲ ነገሌ ስንደርስ ብቻውን ፈገግ አለ። ከተማዋ በአረቄዋ ስሟ የታወቀ ስለሆነ ለምን ፈገግ እንዳለ አልጠየቅነውም።

እማዬ በበኩሏ ሞጆን የምታውቃት ቁልቢ ስትሳል ሄዳ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ እግሯ ረግጦ አያውቅም። ባሏ ግማሽ ዕድሜውን የኖረበትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነው። በመስኮቱ እያየች ዝም። “አንዲት ሴትዮ ነበረች” ሲል ብቻ ዞር ብላ አየችውና ተመልሳ መስኮቷን ያዘች። ይቺ ዝምታ በኋላ ጣጣ ታመጣለች። ቆዩኝ።

ያልተሳካው ልዩ እራት

ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ገባን። አርባ የምንሆን ሰዎች ነን። ግድግዳው በፊኛ ተሸልሟል፣ ድምፅ ማጉያው የሰው ቁመት ያክላል። ምግቡ ቡፌ ነው፦ ጥብስ፣ ዶሮ አሮስቶ፣ የሥጋ ላዛኛ፣ ዓሣ… ለጿሚ የቀረው ሩዝና ሰላጣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው። ብዙ ሰው ይበላል፣ እማዬ ግን አትበላም።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። እማዬ ሳህን አነሳችና ተሰለፈች። ደስ አለኝ። ምግቡን ይዛ ስትመለስ ግን ያስቀመጠችው አባዬ ፊት ነው። ተመልሳ ተሰለፈች፣ ለወንድሜ አመጣች። ሦስተኛ ተሰልፋ ለእኔ። “እማዬ ተቀመጪ!” ስንላት “አሁን መጣሁ፣ አሁን መጣሁ” ትላለች። በመጨረሻ ሩዟን ይዛ ስትቀመጥ እኛ ጨርሰን አፋችንን እየጠረግን ነበር። ልክ ያኔ መድረክ መሪው “እናቶች ወደ መድረክ! እናቶች ለጭፈራ!” ብሎ ጮኸ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አባዬ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ጣውላውን ያያል። ማውራት የሚባል ነገር የለም፣ ሰው የሚግባባው በጥቅሻ ነው። አርባ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሁሉ ነገር አለቀ። ፎቶ ተነሣን፣ ወጣን።

መኝታ ክፍል ገብተን መብራት ካጠፋን በኋላ በጨለማው ውስጥ ቀሽ… ቀሽ… የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ከቤት ይዛ የመጣችውን ዳቦ ቆሎ እየበላች ነው።

“እማዬ፣ ራበሽ እንዴ?”

“ኧረ ምንም! አፌን ላሟሽ ብዬ ነው። እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።”

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ድርጅቱ “ማን ይጾማል?” ብሎ አለመጠየቁ ጥፋት ነው። የእኔ ግን ይብሳል። “ልዩ” የምትለዋን ቃል አይቼ “ዓርብ” የምትለዋን አላየኋትም። ከእማዬ ጋር አንድ ጓዳ ውስጥ አድጌ፣ ምጣዱንና ድስቱን አብሬያት እያነሳሁ እየጣልኩ፣ ሳህን በእጇ ከያዘች ለራሷ እንደማታነሳ ዘንግቼዋለሁ። 275 ኪሎ ሜትር ወስደን ጓዳዋን ቀየርንላት እንጂ አላሳረፍናትም።

ሐዋሳ በቀን

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን። ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደልን ያላየ ሄድኩ አይበል! ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ያድሩና ጎህ ሲቀድ ስበው ይመጣሉ። ስለዚህ ገበያው የጠዋት ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ልጆቹ ዓሣውን ሲገፉት የእጃቸው ፍጥነት ዓይን ያደክማል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ እዚያው በጎድጓዳ ሳህን ይሸጣል። ጥሬውንም በዳጣ አጥቅሶ የሚበላ አለ። ወንድሜ ሞከረው፤ ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው።

ራሰ በራዎቹ ግዙፍ አሞሮች ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ቀብረው ተኮልኩለዋል። እማዬ ቆማ አየቻቸውና “እነዚህ ሽማግሌዎች የማንን ዕርቅ ሊያዩ ነው የተሰበሰቡት?” አለች። አስጎብኚው በሳቅ ፈረሰ። ይህን በማይክሮፎኑ እነግርበታለሁ ብሎ አስፈቀዳት።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከእማዬና ከአባዬ ጋር እኩያ ማለት ነው። “ሐዋሳ” በሲዳምኛ “ሰፊ” ማለት እንደሆነ ይነገራል፣ ስሙም የሐይቁ ነው። በአባዬ የሾፌርነት ዘመን “አዋሳ” ተብላ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር ያለውን ጉዱማሌንም አየን። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ የሚያከብረው እዚያ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በ2008 ዓ.ም. ነው። ጀልባ ተሳፍረን ጉማሬ ከሩቅ አየን። ከሰዓት በኋላ “ፍቅር ሐይቅ” በሚሏት የሐይቅ ዳር መናፈሻ በእግራችን ስንንሸራሸር እኔ አስጎብኚውን ለብቻው ጠራሁት።

“ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላማክርህ” ብዬ የዓርቡን ነገርኩት። ሩዙን፣ ሰልፉን፣ ዳቦ ቆሎውን። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

“እህቴ፣ ለአርባ ሰው እራት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ምግቡ አይደለም። አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ አለ ወይ? አርባ ወንበር አለ ወይ? አርባ ሰው በአንድ ሰዓት በልቶ ይወጣል ወይ? ይኼው ነው። ተቀቅሎ፣ ተጠብሶ የሚጠብቅ ምግብ የሚቀርበውም ለዚህ ነው። እናንተ ግን አራት ናችሁ። ለአራት ሰው ሐዋሳ ሌላ ከተማ ናት።”

“እና ምን ትመክረኛለህ?”

“የዛሬው ማታ ፕሮግራም የለውም፣ ነፃ ነው። እኔ የገዛ እናቴን የምጋብዝበት ቤት አለ። ልውሰዳችሁ?”

“የት ነው?”

“አዲስ ከተማ።”

ወደ እማዬ ሄጄ “እራት አዲስ ከተማ ልንበላ ነው” ስላት ክው አለች። “ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው መርካቶ ተመልሰን እራት ልንበላ ነው?” ለካ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ከተማ ማለት የመርካቶው ክፍለ ከተማ ነው! ሐዋሳም አዲስ ከተማ የሚባል ክፍለ ከተማ እንዳላት እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

አዲስ ከተማ

በሁለት ባጃጅ ተጭነን ሄድን። ከሐይቁ ዳር መብራትና ሙዚቃ ራቅ ያለ ሰፈር ነው። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ እናቶች በር ላይ በቆሎ ይጠብሳሉ። ቤቱ ምልክት እንኳ የለውም። ግቢ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከሥሩ ስድስት ጠረጴዛ፣ ከጥግ የከሰል ጭስ። አስጎብኚው ቀደም ብሎ ስልክ ደውሎ ነበር። እኔን ሦስት ነገር ጠይቆኝ ነው የደወለው፦ “ከመካከላችሁ ዛሬ የሚጾም አለ? ጥርሱን የሚያመው አለ? ከሁሉ ትልቁ ማነው?” ሦስት ጥያቄ ብቻ! ገንዘባችንን ስንከፍል ከእነዚህ አንዷን እንኳ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ከባለቤቲቱ ጋር አስተዋወቀንና “በሉ ፋዘር፣ በሉ ማዘር፣ መልካም እራት፤ ሦስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ” ብሎ ሄደ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ከሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። እራት ላይ ጥሎን ሄደ።

የእጅ ውኃ መጣ። ልጅቷ ማስታጠቢያውን ይዛ እማዬ ፊት ቆመች። እማዬ እንደ ልማዷ “ለእሱ፣ ለእሱ” ብላ ወደ አባዬ አመለከተች። ባለቤቲቱ ከምድጃው አጠገብ ሆና “የእኔ እናት፣ በእኔ ቤት ከእናት ነው የሚጀመረው። እርስዎ ዛሬ እንግዳ ነዎት፣ ይታጠቡ” አለቻት። እማዬ ታጠበች። እጇን ግን ወደ ምግቡ ሳይሆን ወደ ሳህኖቹ ሰደደች፤ ልታከፋፍል! ባለቤቲቱ ሳህኖቹን በፈገግታ ከፊቷ ወሰደቻቸው።

ከዚያ መጣ። ጎኑ ተሰንጥቆ እንዳለ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ገና እየተንጫጫ። ሎሚ፣ አዋዜ፣ እንጀራ። ከመካከል ደግሞ በሸክላ ጎድጓዳ ዕቃ የቀረበ፣ ቅቤው ከላይ የሚያብለጨልጭ ምግብ። እኔ፣ እማዬና ወንድሜ ተያየን፤ አናውቀውም። አባዬ ግን ገና ዕቃውን ከሩቅ ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ቡርሳሜ! ይኼማ ቡርሳሜ ነው! በሻፌታው!”

ለማታውቁት፣ ቡርሳሜ የሲዳማ የክብር ምግብ ነው። ከእንሰት የሚዘጋጀው “ዋሳ” በቅቤ ይታሽና ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። በፍቼ ጨምበላላም ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚበላው እሱን ነው።

አባዬ መናገሩን ቀጠለ። ደስታው ዓይኑን ሸፍኖታል። “እኔ እኮ ጠዋት ይርጋለም ጭኜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋሳ ስገባ፣ መጀመሪያ ዓሣ! ከዚያ ቡርሳሜ! ቡርሳሜ የበላ ሰው እኮ እስከ ማግስቱ አይርበውም…”

እማዬ እጇን ሰበሰበች።

“ለካ ስትበላ የኖርከው ይህን ነው!”

ዝም ተባለ። የከሰሉ መንጣጣት ይሰማል።

“እኔ” አለች እማዬ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ “ዛሬ ይመጣል በተባለ ቀን ወጤን ሠርቼ፣ ቡታጋዙን አብርቼ ሳሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሜ ሳሞቅ፣ ባል ሳይበላ አልበላም ብዬ ቁጭ። ማታ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ትገባለህ። ሁለት ጉርሻ ትጎርስና ‘ደክሞኛል’ ብለህ ትነሳለህ። ስንት ዓመት! ወጤ አልጥምህ ብሎ መስሎኝ በርበሬዬን ቀየርኩ። እናቴ ካስተማረችኝ ሌላ ቅመም ከጎረቤት ተማርኩ። እሱም እንቢ ሲለኝ…” ትንሽ ቆመችና እኛን አየች። ከዚያ ልጆች ይስሙ ብላ ወሰነች መሰለኝ፣ ቀጠለች። “እሱም እንቢ ሲለኝ ሌላ ቤት አለው አልኩ። ሌላ ቤት እየበላ ነው የሚመጣው አልኩ። ላንተ አልነገርኩም፣ ለማንም አልነገርኩም። ለቁልቢው ብቻ ነገርኩት።”

ወንድሜ የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። እኔ የቁልቢው ስለት ለልጆች ጤንነት ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ሌላ ቤት አልነበረኝም” አለ። “ዓሣ ነው።”

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ያኔ ግን የሳቀ የለም።

“ታዲያ በልቻለሁ ማለት ምን ያቅታል?” አለች።

“አንቺ ሳትበዪ ነዋ የምትጠብቂኝ” አለ አባዬ። “በር ስከፍት ምድጃው ፊት ቁጭ ብለሻል። ምን ልበልሽ? እኔ በመንገድ ጠግቤ መጥቻለሁ፣ አንቺ ጦምሽን እደሪ ልበልሽ? አፈርኩ። ሁለት ጉርሻዋን የምጎርሰው አንቺ እንድትበዪ ብዬ ነው።”

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን አያችሁት? እሷ እሱን ብላ ሳትበላ ትጠብቃለች። እሱ እሷን ብሎ ጠግቦ ሳለ ይጎርሳል። ሁለቱም ለሌላው ብለው ባደረጉት ነገር 20 ዓመት ተቀያየሙ። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ በዚያ ዝምታ ውስጥ አደግንና “አባዬ ዝምተኛ ነው፣ እማዬ ዝምተኛ ናት” ብለን አለፍነው።

አባዬ እጁን ወደ ዓሣው ሰደደ። መሪ ሲጨብጥ በኖረው ወፍራም ጣቱ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመው። ቸኩሎ አይደለም፤ በመብራቱ እያገላበጠ፣ እሾህ እንዳይቀርበት። በእንጀራ ጠቀለለና አዋዜ አስነክቶ ወደ እማዬ አፍ ዘረጋ። እኛ ፊት! እማዬ ትንሽ አንገራገረችና ጎረሰች። እሱ እጁን ሊመልስ ሲል፣ አፏ እንደሞላ፣ “አንድማ ያጣላል” አለችው። ሁለተኛውን ጠቀለለላት። ከዚያ ቡርሳሜውን አስቀመሳት።

ትኩስ ነበር። ከሁላችን ቀድማ በላች። እኛ እጃችንን ሰብስበን ጠበቅናት።

ስትጨርስ አፏን ጠረገችና፣ “ይጣፍጣል” አለች። “እውነቴን ነው፣ ይሄን በልተህ መጥተህ የእኔን ወጥ ሁለት ጊዜ መጉረስህም ትልቅ ነገር ነው።” ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ባለቤቲቱም ከምድጃዋ አጠገብ ሆና ስትስቅ ሰማናት።

ሂሳቡ

አንድ ጣጣ ግን ቀርቶን ነበር። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ገና ስንገባ ሂሳቡን ጓዳ ድረስ ሄጄ ከፍዬ ነበር። አባዬ ቦርሳውን አውጥቶ “ሂሳብ!” ሲል ባለቤቲቱ “ተከፍሏል፣ አባባ” አለችው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያበላን የኖረ ሰው፣ ገና ከሚስቱ ጋር በታረቀበት ማዕድ ላይ ኪሱን ስትዘጉበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ያዳነን ወንድሜ ነው። “አባዬ፣ ቡናው አልተከፈለም” አለ። ቡናውም ገና አልታዘዘም ነበር!

ቡና ተፈላ፣ የሲዳማ ቡና። አባዬ 20 ዓመት የጫነውን ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው አገሩ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ለእማዬ ጋበዘ። እስከ ሦስተኛው ጠጣን። አስጎብኚው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሲያየን፣ ምንም ሳይናገር ተመልሶ ባጃጆቹን “ትንሽ ቆዩ” ሲላቸው ሰማሁት።

ምክር ቢጤ

እንግዲህ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ በተደራጀ ጉዞ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ።

አንደኛ፣ የፕሮግራሙን ወረቀት ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያዩት። “ልዩ እራት” የተባለው ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የአጽዋማት ወቅት ላይ ካረፈ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለጿሚ ምን እንዳለ ጠይቁ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁም የሥጋውን ነገር ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከከፈሉ በኋላ የሚመጣ መልስ “ሩዝና ሰላጣ” ነው።

ሁለተኛ፣ እናታችሁን ቡፌ አትውሰዷት። ግድ ከሆነም ሳህኑን እናንተ ያዙ። እናት ሳህን ከያዘች ሥራ ጀመረች ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አስጎብኚውን “ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?” አትበሉት። “የራስህን እናት የት ትጋብዛለህ?” በሉት። መልሱ ሌላ ነው። ጥሩ ቦታ ካገኘላችሁም ጉርሻውን አትርሱለት።

አራተኛ፣ ዓሣ ስታዝዙ የዛሬ ጠዋት መሆኑን ጠይቁ፣ እንዳለም ይቅረብላችሁ። አጥንት መልቀም ጊዜ ይፈጃል፣ ጊዜ ደግሞ ወሬ ያመጣል። ሙዚቃው የሚጮህበት ቤት ግን ወሬውን ይበላዋል።

አምስተኛ፣ ሂሳቡን ሁሉ ጠቅልላችሁ አትክፈሉ። ለአባታችሁ ቢያንስ ቡናውን ተዉለት።

ስድስተኛ፣ አባትና እናታችሁ ማውራት ከጀመሩ አታቋርጡ። ስልካችሁንም አታውጡ። እኔ ያን ማታ አንድ ፎቶ አላነሳሁም፣ አልቆጨኝም። የዓርቡ ፎቶ ግን አለ፤ አራታችንም ፊኛ ሥር ቆመን ስንስቅ። ያየው ሁሉ “እንዴት የሚያምር እራት!” ይላል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተመለስን። በመንገድ ላይ አባዬ እንደገና “እዚህ ጋ…” ሲል እማዬ አሁን ዝም አላለችም። “የሻይዋ ሴትዮስ ቤት የቱ ጋ ነበር?” አለችው። አሳያት።

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። አባዬ ሠፈር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ውሎ ማታ ሲገባ እማዬ ገና ከበሩ፣ “በልተሃል?” ትለዋለች። አንዳንድ ቀን “አልበላሁም” ይላል፣ አብረው ይበላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ “አዎ፣ በልቻለሁ” ይላል። ያኔ እማዬ እንጀራዋን ታወጣና ብቻዋን፣ ትኩሱን ትበላለች።

በሉ እንግዲህ፣ ቸር ይግጠመን!